ትእዛዙ በአንድ መንገድ፣ ድምፁ በሌላ፦ ስለ ኮምፒውተርና ስልክ ግንኙነት ጥያቄና መልስ

ፕሮግራሞችን ከስልክ መስመር ጋር ለማገናኘት ከሚሞክሩ አባላት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስ፦ ጥሪን የሚያዘው መልእክትና የሰው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ መንገድ ይጓዛሉ። ከቀረቡልኝ ችግሮች የሚበዙት የሚመነጩት ይህን ካለመለየት ነው።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተሬ ላይ የደንበኛ ቁጥር ስጫን መስመሩ መደወል ይጀምራል። ፕሮግራሙ ስልኩን የሚያዘው በምን ቋንቋ ነው?

መልስ፦ እንደ መሣሪያው ይለያያል። ኮምፒውተሩ የተያያዘው ከሞደም (ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር ጋር ከሚያገናኝ መሣሪያ) ጋር ከሆነ፣ ቋንቋው «ኤቲ» ተብለው በሚነበቡ ሁለት የላቲን ፊደላት የሚጀምሩት አጫጭር ትእዛዞች ናቸው። እነዚህን ትእዛዞች ያስተዋወቀው ሄይስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ስማርትሞደም ላይ ሲሆን፣ ከፊደላቱ ቀጥሎ «ዲ» እና ቁጥር ሲጻፍ ደውል፣ «ኤ» ሲጻፍ ጥሪውን ተቀበል፣ «ኤች» ሲጻፍ ዝጋ ማለት ነው። በዊንዶውስ ላይ ግን ፕሮግራም ጸሐፊው የእያንዳንዱን መሣሪያ ትእዛዝ ማጥናት የለበትም፤ ማይክሮሶፍትና ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ታፒ የተባለው መገናኛ በመካከል ይገባል። ፕሮግራሙ ጥያቄውን ለታፒ ያቀርባል፤ ታፒ ደግሞ የስልኩ አምራች ያዘጋጀውን ቲኤስፒ የተባለ ድራይቨር ይጠራል፤ ድራይቨሩም እንደ አስተርጓሚ ሆኖ ጥያቄውን መሣሪያው ወደሚያውቀው ቋንቋ ይመልሰዋል። ለ32 ቢት የተሠራ ቲኤስፒ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ስለማይሠራ፣ ኮምፒውተር ከቀየሩ በኋላ መደወል ቢቋረጥ በመጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ድራይቨር እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም።

ጥያቄ፦ የቢሮ ስልኬ ከኮምፒውተሬ ጋር በምንም ሽቦ አልተያያዘም፤ ሆኖም ጥሪ ሲመጣ የደንበኛው መዝገብ በስክሪኑ ላይ ይከፈታል። እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ ኮምፒውተርዎ የሚነጋገረው ከስልክዎ ጋር ሳይሆን የቢሮውን የውስጥ መስመሮች ከሚያዛውረው ፒቢኤክስ ጋር ነው። ፒቢኤክሱ «ከዚህ ቁጥር ወደዚህ የውስጥ መስመር ጥሪ እየገባ ነው» የሚል መልእክት በኔትወርክ ይልካል፤ ፕሮግራሙም በደዋዩ ቁጥር መዝገቡን ይፈልጋል። ለምሳሌ አስተሪስክ በተባለው ነጻ ፒቢኤክስ ይህ ሥራ ኤኤምአይ በሚባል መገናኛ፣ በተለምዶ በፖርት (በኔትወርክ መግቢያ በር ቁጥር) 5038 ይከናወናል። ይህ ፖርት ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ መተው የለበትም፤ የይለፍ ቃሉን ያገኘ ሰው በእርስዎ ሒሳብ ወደ ውጭ አገር ሊደውል ይችላልና።

ጥያቄ፦ በሶፍትፎን (በኮምፒውተር ላይ በሚሠራ የስልክ ፕሮግራም) ስደውል ስልኩ ይጠራል፣ ይነሣልም፤ ነገር ግን የእኔ ድምፅ ሲሰማ የሌላኛው ሰው አይሰማም።

መልስ፦ መግቢያው ላይ ያልኩት ልዩነት በጉልህ የሚታየው እዚህ ነው። ጥሪውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሲፕ የተባለው ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) ሲሆን በተለምዶ በፖርት 5060 ይሠራል፤ ድምፁ ግን አርቲፒ በተባለ ሌላ ፕሮቶኮል፣ በሌሎች ፖርቶች ይመላለሳል። ስልኩ መጥራቱና መነሣቱ የሲፕ መንገድ ደህና መሆኑን ብቻ ያሳያል። ሶፍትፎኑ ጥሪውን ሲከፍት «ድምፁን ወደዚህ አድራሻ ላኩልኝ» ብሎ አድራሻውን ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ከራውተር ጀርባ ከሆነ የሚጽፈው በ192.168 የሚጀምረውን የቤት ውስጥ አድራሻ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ያለው ወገን ደግሞ ወደዚህ አድራሻ መላክ አይችልም። መፍትሔው በሶፍትፎኑ ቅንብር ውስጥ ስተን የተባለውን አገልግሎት ማብራት ነው፤ በዚህም ፕሮግራሙ ከውጭ የሚታየውን አድራሻውን ያውቃል። በራውተሩ ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባል፣ የሲፕ መልእክቶችን በራሱ የሚያስተካክል ቅንብር ካለም ያጥፉት። ለመርዳት ተብሎ የተሠራ ቢሆንም በእኔ አስተያየት የሚያበላሸው ከሚያቃናው ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ድምፁ የሚቆራረጠው ለምንድን ነው?

መልስ፦ አንዱ ምክንያት መስመሩ ድምፁን ለመሸከም አለመብቃቱ ሊሆን ይችላል። ጂ.711 የተባለው የድምፅ አቀራረጽ ለአንድ አቅጣጫ 64 ኪሎቢት በሰከንድ ይፈልጋል፤ በየ20 ሚሊሰከንዱ የሚላከው ፓኬት የሚሸከመው አድራሻና ሌላ መረጃ ሲጨመር ወደ 80 ይደርሳል። መስመሩ ይህን ካልቻለ ጂ.729 የተባለው ሌላ አቀራረጽ፣ አድራሻውና ሌላው መረጃ ሳይቆጠር፣ በ8 ኪሎቢት ይሠራል፤ የድምፁ ጥራት ግን ትንሽ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ሲም ካርድ ባለው የዩኤስቢ ሞደም ከፕሮግራሜ ኤስኤምኤስ እልካለሁ። እንግሊዝኛው ሙሉ ሆኖ ሲደርስ አማርኛው ወይ ጥያቄ ምልክት ይሆናል ወይ ይቆረጣል።

መልስ፦ አንድ ኤስኤምኤስ የሚሸከመው 140 ባይት ነው። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ይገባል፤ የግእዝ ፊደል ግን 2 ባይት ስለሚይዝ 70 ብቻ ይገባል፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። በእንግሊዝኛ መልእክት መካከል አንድ የአማርኛ ፊደል ብቻ ቢገባ እንኳ መላው መልእክት በ70 ልክ ይሰላል። ረጅም መልእክት ሲከፋፈል ደግሞ ክፍሎቹን የሚያያይዘው መረጃ 6 ባይት ስለሚወስድ በእያንዳንዱ ክፍል የሚቀረው 67 ፊደል ነው፤ የ100 ፊደል ማስታወቂያ ለአንድ ሰው ሲላክ የሁለት መልእክት ዋጋ የሚያስከፍለውም ለዚህ ነው። ጥያቄ ምልክቱ የሚመጣው ፕሮግራሙ ጽሑፉን በላቲን የፊደል ሠንጠረዥ ስለሚልከው ነው። ሞደሙን ዩሲኤስ2 ወደተባለው ሠንጠረዥ ያዙሩት፤ ከዚያ የሚሻለው ግን ፒዲዩ በተባለው፣ መላው መልእክት በኮድ ተጽፎ በሚሰጥበት አሠራር መላክ ነው፤ አጻጻፉ አድካሚ ቢሆንም ረጅም መልእክትን በትክክል የሚያያይዘው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ በዚሁ ሞደም ድምፅ ያለው ጥሪ ለማድረግ ሞክሬ ወዲያው ይቋረጣል።

መልስ፦ ከቁጥሩ በኋላ የላቲኑን ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቡ፣ ማለትም «;» የሚለውን ምልክት፣ ይጨምሩ። ያለ እርሱ ሞደሙ የዳታ ጥሪ የጠየቁት ይመስለዋል። ከዚያም ሞደሙ የድምፅ ጥሪን የሚደግፍ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለኢንተርኔት ብቻ የተሠሩ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሞደም ሳልገዛ የእጅ ስልኬን ከኮምፒውተር ማዘዝ እችላለሁ?

መልስ፦ በብሉቱዝ ይቻላል። ስልክን ከመኪና ጋር የሚያገናኘው ሃንድስፍሪ የተባለው አሠራር ትእዛዝ የሚለዋወጠው በእነዚያው በ«ኤቲ» በሚጀምሩ መስመሮች ነው፤ ኮምፒውተሩ ይህን አሠራር ከደገፈ መደወል፣ መቀበልና መዝጋት ይችላል። በዚህም ቢሆን ድምፁ የሚተላለፈው ከትእዛዙ በተለየ የብሉቱዝ መስመር ስለሆነ፣ ጥሪው ተከፍቶ ድምፅ ከጠፋ የኮምፒውተሩን የድምፅ ማውጫና ማስገቢያ ምርጫ ይመልከቱ።