መቀነት ላይ የታሰረ ቁልፍ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

የምጽፍልዎት ከደብረ ሲና ነው። የእናቴ ነገር መሮኛል። በ12 ዓመቴ ሆጅኪን የሚባል የእጢ ካንሰር ይዞኝ፣ አዲስ አበባ በመድኃኒትና በጨረር ታክሜ ድኛለሁ። አሁን 27 ዓመቴ ነው፤ ሰርጌ ለጥር ተቆርጧል። እናቴ «ያዳነሽ ሸንኮራ ዮሐንስ ነው፤ ካንሰር የሚል ቃል ለእጮኛሽ ብትተነፍሺ ልጄ አይደለሽም» ትላለች። የሕክምና ወረቀቶቼን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጥራዋለች። ስጠይቃት ታለቅሳለች፤ ዝም ስል ትቆጣለች። እሱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ልንገረው?

ደግሞ በግራ በኩል ከአንገቴ ሥር የባቄላ ፍሬ የሚያክል እብጠት ከወጣ 2 ወር ሆነው። አያመኝም። ጤና ጣቢያ የሰጡኝን አንቲባዮቲክ ጨርሻለሁ። ከ15 ዓመት በኋላ ይመለሳል እንዴ? ከሰርጉ በኋላ ብታየውስ?

መልስ፦

አይሆንም ልጄ። በዚያ ቦታ የወጣ፣ የማያምና 2 ወር የቆየ እብጠት ጥርን አይጠብቅም። በዚህ ሳምንት ታርማ በርን ወጥተሽ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ግቢ።

ሆጅኪን ከ5 ዓመት በኋላም ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ አይሁን እንጂ። ጨረር ባረፈበት ቦታም ከዓመታት በኋላ አዲስ ካንሰር ሊነሳ ይችላል። ቲቢም አንገት ላይ እንዲህ ያብጣል። በመዳሰስ አይለይም፤ የሚለየው ናሙና ነው። በመርፌ ብቻ ቀድተው «ምንም የለም» ቢሉሽ በዚያ አትርኪ፤ የሆጅኪን ሕዋሳት በጤነኞቹ መሃል ጥቂት ሆነው ስለሚበተኑ መርፌ ይስታቸዋል። እጢው ሙሉውን ተቆርጦ እንዲመረመር ጠይቂ። ከዚያ በፊት «እብጠት ያጠፋል» ብሎ ፕሬድኒሶሎን የሚሰጥሽ ቢኖር አትዋጪ፤ እብጠቱን ለጊዜው አሟሽሾ ምርመራውን ያሳስታል።

አንቺ እንደ ጠብ ምክንያት ብቻ የጠቀስሽው ሳጥን ግን ከሰርጉ ይበልጥብኛል። ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ወስደሽ ከሆነ መጠኑ፣ ጨረሩም የት እንዳረፈና ስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) እንደሆነ የሚገኘው እዚያ ነው። ዶክሶሩቢሲን የዕድሜ ልክ ጣሪያ አለው፤ ድምሩ በአካል ስፋት በካሬ ሜትር ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም ሲደርስ ልብን የማድከም አደጋው ይከብዳል። የቀድሞውን ድምር የማያውቅ ሐኪም ወይ ያበዛብሻል፣ ወይ ፈርቶ ይነፍግሻል። ጨረሩ ደረትሽ ላይ ከነበረ ደግሞ፣ እብጠቱ ምንም ባይሆን እንኳ ከ25 ዓመትሽ ጀምሮ በየዓመቱ የጡት ምርመራ ይገባሽ ነበር፤ 2 ዓመት አልፎሻል!

እጮኛሽን አሁኑኑ ንገሪው። ውጤቱ ሳይታወቅ እርግዝና መምጣት የለበትም፤ መድኃኒት ቢጀመርም መውለድን ሊነካ ስለሚችል አስቀድሞ ከሐኪም ጋር የምትመክሩበት ነው። አይዞሽ፤ ዘግይቶ የተመለሰ ሆጅኪን ቶሎ ከተመለሰው ይልቅ ለሕክምና ይመቻል።

እናትሽ ስምሽን የጠበቀች መስሏት ነው። ጠበሉንም ተጠመቂ፣ ወረቀቱንም ይዘሽ ሂጂ። ቁልፉን እምቢ ካለች የንስሐ አባቷን ላኪባት።