ራሙን ከመንካትዎ በፊት ኬዙን ይንኩ

ጥያቄ፦ ዴስክቶፔ ላይ 8 ጊጋ ራም ጨመርኩ። ስሰካው አልነዘረኝም፣ ብልጭታም አላየሁም። ሁለት ሳምንት በደህና ሠርቶ አሁን በየሰዓቱ ሰማያዊ ስክሪን እያወጣ ይጠፋል። ጥገና ቤት «ስታቲክ መትቶታል» አሉኝ። ሳይነዝረኝ እንዴት ይመታዋል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ይመታዋል። ስታቲክ፣ ማለትም ሰውነት ላይ የተጠራቀመ ቻርጅ፣ ከእጅዎ ሲወጣ የሚሰማዎት ወደ 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። ከ100 ቮልት በታች የሚጎዳ ቺፕ ደግሞ አለ። በመሃል ያለውን ሁሉ እርስዎ አያውቁትም፤ ቺፑ ያውቀዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ አየሩ ሲደርቅ ሹራብ ለብሶ ምንጣፍ ላይ መራመድ ብቻውን ብዙ ሺህ ቮልት ያጠራቅማል። ክረምት ላይ እርጥበቱ ስለሚያፈሰው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። አንዳንዴም በቺፑ ውስጥ ያለው ከረንት የማያሳልፍ ስስ ሽፋን (ኢንሱሌተር) ሳይበሳ ይዳከምና ብልሽቱ የሚታየው ቆይቶ ነው።

ቢሆንም «ስታቲክ» ጥገና ቤት ምክንያት ሲያጣ የሚመዘዝ ቃልም ነው። ራሙን ከመጣልዎ በፊት ነቅለው፣ መያዣው «ቀጭ» እስኪል መልሰው ይጫኑት። ከዚያ አዲሱን ብቻውን ሰክተው ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ያስኪዱ። ስህተት ካወጣ ቀዳዳ ይቀይሩለት፦ ስህተቱ ከራሙ ጋር ከሄደ ራሙ ነው፤ የድሮው ቀዳዳ ላይ ከቀረ ማዘርቦርዱ ነው። ለብቻው ንጹሕ ሆኖ ከአሮጌው ጋር ሲገባ ብቻ የሚሳሳት ከሆነ ሁለቱ ራሞች አልተስማሙም፤ ስታቲክ የለበትም።

ጥያቄ፦ የስታቲክ መከላከያ የእጅ አንጓ ማሰሪያ ገዛሁ። «ገመዱን ከሶኬት ሳትነቅሉ ፓወር ሰፕላዩን ከኋላ ብቻ አጥፉት፣ ኧርዝ ይሆናችኋል» ሲባል ሰማሁ። የእኔ ኬዝ ግን ሲሰካ ይነዝራል። ማሰሪያውን የት ላያይዘው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ገመዱን ይንቀሉት። ያ ምክር የሚሠራው ኧርዙ በእርግጥ መሬት ድረስ በተዘረጋበት ቤት ነው። በብዙ ቤት የኧርዙ ቦታ ሶኬቱ ላይ አለ፣ ከጀርባው ሽቦ የለም። የእርስዎ ኬዝ መንዘሩም ይህንኑ ይጠቁማል። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ከሁለቱ የመብራት ሽቦዎች ወደ ኬዙ የተያያዙ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ኧርዝ ሲኖር በእነሱ የሚያልፈው ጥቂት ከረንት መሬት ይገባል፤ ሳይኖር ኬዙ የ220ውን ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት ይዞ ይቀመጣል። ለስለስ ያለው ንዝረት ከዚህ ይመጣል። ጠንክሮ የሚመታ ከሆነ ግን ሌላ ብልሽት ሊሆን ስለሚችል ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አይስኩት።

ለስታቲክ መሬት የግድ አያስፈልግም። የሚፈለገው እርስዎ፣ ኬዙና ራሙ እኩል ቮልት ላይ መሆናችሁ ነው። ገመዱን ከነቀሉ በኋላ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ ማዘርቦርዱ ላይ የምትበራ ትንሽ መብራት ካለች ትጠፋለች። ገመዱ እንደተሰካ ኮምፒውተሩን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ 5 ቮልት ማዘርቦርዱ ላይ ይቆያል፣ በዚያ ሁኔታ ራም መሰካት ራሙን ሊያቃጥል ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ የባትሪውን ማያያዣ ያላቅቁ።

የማሰሪያው መቆንጠጫ የሚያዘው ቀለም ያልተቀባ ብረት ላይ ነው፤ ቀለም ከረንት አያሳልፍም። ፓወር ሰፕላዩን ያሰረው ብሎን አካባቢ ይመቻል። የማሰሪያው ብረት ቆዳዎን ይንካ እንጂ በእጅጌ ላይ አይታሰር። አስቀድመው በመልቲሜትር ይለኩት፦ ከውስጠኛው ብረት እስከ መቆንጠጫው 1 ሜጋ ኦም ገደማ ማንበብ አለበት። ምንም ካላነበበ ተቆርጧል። ዜሮ ካነበበ ይጣሉት፤ ማሰሪያው ውስጥ ከረንት የሚገድበው ሬዚስተር የተቀመጠው በስህተት 220 ቮልት ቢነኩ ከረንቱን 0.22 ሚሊ አምፒር ላይ እንዲያስቀር ነው። ተራ ሽቦ አንጓ ላይ መጠምጠም አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ገመድ አልባ እየተባለ የሚሸጠው ማሰሪያ ጌጥ ነው፤ ቻርጁ የሚሄድበት መንገድ የለውም። እሱን ከመግዛት ባዶ ክንድዎን ኬዙ ብረት ላይ አሳርፈው መሥራት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ትርፍ ራም በፌስታል ባስቀምጥ፣ ወርቃማ ጥርሶቹንም በላጲስ ብጠርግ ችግር አለው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱም ይቅሩ። ፌስታል ሲታሽ ራሱ ስታቲክ ያመነጫል። ራሙ የመጣበትን ብርማ ግራጫ ከረጢት አይጣሉት። ሮዝ ቀለም ያለው ከረጢት ቻርጅ አያመነጭም፣ ከውጭ የሚመጣውን ግን አይከልልም። ግራጫውም ቢሆን ውጩ ከረንት ሊያሳልፍ ስለሚችል ማዘርቦርድ ላዩ ላይ አስቀምጠው አያብሩ፤ ለዚያ ደረቅ ካርቶን ይበቃል። ላጲስ ሲፈተግ ስታቲክ ይፈጥራል፣ ስሱን ወርቅ ይፍቃል፣ ብናኙም ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ጠርዙን ይዘው ይጥረጉትና ሳይደርቅ አይስኩት።