«ምራቃችሁን ላኩልኝ» የሚል ወንድም

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልሽ ከጎንደር ነው። 46 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እማዬ 72 ደፍናለች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ነገር ይጠፋባታል። መጀመሪያ የሰው ስም ነበር፣ ቀጥሎ ቁልፍ፣ አሁን ግን ከዚያ አልፏል። በቀደም የማርያም ዕለት ጎረቤት ተሰብስቦ ቡናውን እሷው ቆላች፣ እሷው ወቀጠች፣ ጀበናውን ጣደች፣ ስትቀዳው ባዶ ሙቅ ውሃ ወረደ። የተወቀጠው ቡና እዚያው ሙቀጫው ውስጥ ነው። ጎረቤቶቻችን አፍረው ቃል ሳይተነፍሱ ጠጡት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትመለስ ቤቷን አልፋ ፒያሳ ድረስ ሄዳ፣ የሚያውቃት የባጃጅ ልጅ ነው ያመጣልኝ።

ሰፈሩ «ጃጅታ ነው» ይላል። አያቴም ሰማንያ ካለፋት በኋላ እንዲሁ ሆና ነው የሞተችው። አባቴ ገና በጎልማሳነቱ ነው ያረፈው።

ነገሩን ያከረረው አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው። ምራቁን በቱቦ ልኮ ተመርምሮ «ኤፖኢ 4 የሚባል ጂን፣ ከወላጅ የሚወረስ ነገር ነው፣ አንድ ተገኘብኝ፣ አልዛይመር የሚባለውን የመርሳት በሽታ የሚያመጣው እሱ ነው» ብሎ ደወለ። አሁን ሰው ሲመጣ ሁለት ቱቦ እልካለሁ፣ አንቺም እማዬም ምራቃችሁን ስጡኝ፣ ወጪው በእኔ ይላል። ታናሽ እህታችን ደግሞ «በሽታ ጠርታችሁ አታምጡብኝ፣ እማዬን ጸበል እንውሰዳት» ብላ አኮረፈች። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስልኬን የት እንዳስቀመጥኩት ከረሳሁ «ይኸው ጀመረኝ» እላለሁ። ልመርመር ወይስ ይቅርብኝ? ሴት ልጅም አለችኝ፣ ለእሷስ ምን ልበላት?

ግራ የገባት፣ ከጎንደር

መልስ

እታለም፣ የጻፍሽልኝ ሁለት ጥያቄ ነው፣ ወንድምሽ ግን በአንድ ቱቦ ሊገላገለው ፈልጓል። አንዱ እናትሽ አሁን ምን ነካቸው የሚለው ነው። ሌላው አንቺ ነገ ምን ትሆኛለሽ ነው። ምራቁ የመጀመሪያውን ጭራሽ አይመልስም። ሁለተኛውንም ቢሆን እያጉተመተመ ነው የሚመልሰው።

ከእናትሽ ልጀምር። መንገድ ለጠፋበት ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። ኤፖኢ 4 ኖሯቸው አልዛይመር ሳይነካቸው ያረጁ ሞልተዋል፣ ሳይኖራቸው የታመሙም እንደዚያው። ስለዚህ ውጤቱ «አለ» ቢልም «የለም» ቢልም እናትሽ ለምን እንደሚረሱ አይነግርሽም። መርሳት ከሚያመጡት መሀል ደግሞ የሚታከሙ አሉ። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ መዛባት አለ፣ ድብርት አለ፣ ወድቀው ከነበረ ጭንቅላት ውስጥ የቋጠረ ደም አለ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት አለ። ቢ12ን አደራ። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፣ ሰው ሲያረጅ ደግሞ ሆዱ እንደ ድሮው አይቀበለውም። እናትሽ ሁዳዴውን 55 ቀን፣ ፍልሰታውን፣ ረቡዕና ዓርቡን የማያጎድሉ ከሆነ ሐኪሙ እስኪጠይቅሽ አትጠብቂ፣ ንገሪው። ጾማቸውን ይተዉ አላልኩም። እጥረቱ ከተገኘ በመርፌ ወይም በክኒን ይሞላል። ጆሯቸውንና ዓይናቸውንም አስዪ፤ ያልሰሙትን ነገር ረሱት የምንላቸው አረጋውያን ጥቂት አይደሉም።

ጸበሉንም እህትሽ ትውሰዳቸው፣ ምን ከፋ? ብቻ ሐኪሙን አይተካ፣ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ካላቸውም ጸበል ገቡ ተብሎ እንዳይቋረጥ።

አሁን ወደ ጂኑ። «የሚያመጣው እሱ ነው» ያለው ልክ አይደለም። ኤፖኢ ሁላችንም ያለን ጂን ነው፣ 2፣ 3 እና 4 የሚባሉ ዓይነቶች አሉት፣ አንዱን ከእናት አንዱን ከአባት እንወስዳለን። 4 ቁጥሩ ከአልዛይመር ጋር እንደሚያያዝ የታወቀው በ1993 ነው። ሁለቱም 3 ከሆነለት ሰው ጋር ሲነጻጸር፣ አንድ 4 ያለው አደጋው 3 እጥፍ ገደማ፣ ሁለት ያለው ከ8 እስከ 12 እጥፍ ነው ይባላል። ግን እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው የተወሰዱት ዘራቸው ከአውሮፓ ከሆነ ሰዎች ነው። ናይጄሪያ፣ ኢባዳን ውስጥ በዮሩባ ብሔረሰብ አረጋውያን ላይ ሲጠና የዚሁ ጂን ጉልበት ደክሞ ነው የተገኘው። ለጎንደር ሰው ስንት እጥፍ እንደሆነ ያ የወንድምሽ ወረቀት ከየት አምጥቶ ይነግርሻል?

ብዙ ጂኖችን ደምሮ፣ ሰው በውርስ ያለበትን አደጋ (የዘር አደጋ ይሉታል) በነጥብ የሚሰጥ ዘዴም አለ። በ2019 የወጣ የብሪታንያ ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ 196,000 ያህል ሰዎችን ለ8 ዓመት ገደማ ተከታትሎ ነበር፣ እነሱም ሁሉም ዘራቸው አውሮፓዊ ነው። የዘር አደጋቸው ከፍተኛ ከሆነው 1.23 በመቶው የመርሳት በሽታ ያዛቸው፣ ዝቅተኛ ከሆነው 0.63 በመቶው። እጥፍ ነው፣ እውነት ነው፣ ያስደነግጣል። ግን ከ1,000 ሰው 12 እና 6 ማለት ነው። (ብዙዎቹ ገና በስልሳዎቹ ውስጥ ስለነበሩ ነው ቁጥሩ ያነሰው፣ ዕድሜ ሲገፋ ይጨምራል፣ ይህን አልደብቅሽም።) በዚያው ጥናት የዘር አደጋቸው ከፍተኛ ሆኖ የማያጨሱት፣ የሚንቀሳቀሱት፣ መጠጥ የማያበዙት፣ አመጋገባቸውም ደህና የሆነው፣ አኗኗራቸው ከተበላሸው ይልቅ አደጋቸው በሲሶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

እርግጥ ከኤፖኢ የተለየ አንድ ጂን ብቻውን በሽታውን የሚያመጣባቸው ቤተሰቦች አሉ። እነሱ ግን ከአልዛይመር ሕሙማን 1 በመቶ አይሞሉም፣ በሽታውም በአርባና በሃምሳ ዓመት ነው ትውልድ በትውልድ የሚይዛቸው። አያትሽ ሰማንያ አልፏቸው፣ እናትሽ በ72፣ የእናንተ ታሪክ ያንን አይመስልም።

ወንድምሽ ያላሰበው ሌላም አለ። እሱ ላይ የተገኘችው አንዲት 4 ከእናታችሁ ትሁን ከአባታችሁ አይታወቅም። አንቺ ጋ መኖሯም እርግጥ አይደለም። ደግሞ እናትሽ ተመርምረው ሁለት 4 ቢወጣባቸው፣ ሦስታችሁም አንድ አንድ ወስዳችኋል ማለት ነው። አላውቅም ብላ ያኮረፈችው እህትሽ ሳትጠየቅ ተነገራት። እሷን ፈሪ አትበሏት፤ ጂን የሚጻፍበትን የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ የሆነው ጄምስ ዋትሰን እንኳ የራሱ ጂን ሙሉ ተነብቦ ሊወጣ ሲል ኤፖኢዬን ተዉልኝ ብሏል። እናትሽንስ ማን ጠየቃቸው? ምራቁ የእሳቸው ነው እኮ። አሁንም አብዛኛውን ነገር ይረዳሉ፣ በደህና ሰዓታቸው ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው።

ምርመራው ከንቱ ነው አላልኩም። በውጭ አገር እንደ ሌካኒማብ ያሉ አዳዲስ የአልዛይመር መድኃኒቶች ከመታዘዛቸው በፊት ሐኪሞች ይህንኑ ጂን ያያሉ፣ ምክንያቱም 4 ያለባቸው ሰዎች፣ በተለይ ሁለት ያላቸው፣ በመድኃኒቱ የተነሳ አንጎላቸው የማበጥና የመድማት ዕድሉ ከፍ ይላል። እናንተ እዚያ አልደረሳችሁም።

ለአንቺ፣ እኔ ብሆን ቱቦውን አልቀበልም። በ46 ዓመት፣ ያውም እንቅልፍ አጥቶ፣ ስልክ ያለበትን መርሳት ያለ ነው። ግፊትሽንና ስኳርሽን ተለኪ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 እንዳለው ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ልናስተካክላቸው ከምንችላቸው 14 ነገሮች ጋር ይያያዛል፣ ግፊትና ስኳር፣ የጆሮና የዓይን መድከም፣ ብቸኝነትም እዚያ ውስጥ አሉበት። ለልጅሽ «አያትሽ አሟታል» ብትያት ይበቃል፣ ስለ ጂን ገና ያልተጠየቀ ነገር አትጫኚባት።

ለወንድምሽ ደግሞ እንዲህ በይው፦ የቱቦውን ብር ላክልኝ፣ ለደም ምርመራና ለአንጎል ፎቶ ይሆናል፣ ከተረፈ ቀን ቀን ከእማዬ ጋር ለምትውል ሰው እንከፍልበታለን። ሐኪም ጋር ስትሄዱም የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፣ ጎረቤት ያዋሳቸው የእንቅልፍ ወይም የአለርጂ ክኒን ካለ እሱንም ጨምሪ። አንዳንዱ ብቻውን አዛውንትን ያደነዝዛል።