በደብረ ብርሃን ብርድ ኮከብ አይለበስም

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከጥምቀት በኋላ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ደብረ ብርሃን እንሄዳለን። ሁለት ሌሊት እዚያ፣ አንድ ሌሊት ደግሞ አንኮበር ለማደር አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የአራት ዓመት ልጃችንና ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ነን። ባለቤቴ «የምንወጣው በዓመት አንዴ ነው፣ ከተማው ውስጥ ውድ የሚባለውን ያዝ» ትላለች። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ለምንውል ሰዎች ንጹሕ ፔንሲዮን ይበቃል ባይ ነኝ። በዚህ ላይ የእናቴ እህት «ቤቴ እያለ ሆቴል ካደራችሁ ደጄን እንዳትረግጡ» ብላለች። ማንን ልስማ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልጄ፣ ከአክስትህ ልጀምር። ከሆቴሉ ይልቅ የምታስቸግርህ እሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ደብረ ብርሃን ሪሴፕሽን ላይ ቆሜያለሁ፤ «ዘመድ ከደወለ እዚህ የለም በይልኝ» ያለኝ እንግዳ ብዛቱ! አክስትህም ብትሆን የሠርግ ቤት ሌሊቱን ሽንኩርት ሲከተፍና ድስት ሲጣድ እንደሚነጋበት አጥታው አይደለም። የከፋት ሳትነግሯት አልጋ ልትይዙ በመሆናችሁ ነው። ዛሬውኑ ደውልላት፤ የሠርጉን ማግስት ቁርስ እሷ ዘንድ አድርጉት። ለመሆኑ እናትህን ጠይቀሃታል? ደብዳቤህ ውስጥ ሁሉም ሰው ሲናገር እሷ ብቻ አልተናገረችም። እህቷ ጎን ተኝታ ሲያወጉ ማደር ከማንኛውም ሆቴል ይበልጥባት ይሆናል።

አሁን ወደ አልጋው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። አንድ ታኅሣሥ፣ እኔ በምሠራበት ሆቴል አንድ አባወራ መጥቶ ከሁሉ ውዱን ክፍል ያዘ። ላይኛው ፎቅ፣ በሁለት በኩል እስከ ወለሉ መስታወት፣ የቆዳ ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ አልጋው ላይ ነጭና ሳሳ ያለ ኮምፈርት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ካፖርቱን በጋቢ ደርቦ፣ ጫማውን እንዳደረገ ደረጃውን ወረደና «እህቴ፣ ፍሪጁን ውሰጂና ብርድ ልብስ ስጪኝ» አለኝ። ምድር ቤት፣ በጓሮ በኩል፣ መስኮቷ ጠባብ የሆነች ክፍል ነበረችኝ። ዋጋዋ የዚያኛውን ግማሽ አይሞላም። ሁለት የሱፍ ብርድ ልብስ ጨምሬ ከፈትኩለት፤ እኔ ወደ ጠረጴዛዬ ሳልመለስ ማንኮራፋት ጀመረ። ልዩነቱን አልመለስንለትም፤ እሱ ዛሬም ይቆጨኛል።

ኮከብን አልንቅም። አገራችን ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆና በ2007 ዓ.ም. ሆቴሎቿን መመዘን ስትጀምር ደስ ካላቸው አንዷ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ማንም በራሱ በር ላይ የፈለገውን ያህል ኮከብ ይለጥፍ ነበር። ግን መዛኝ የክፍሉን ስፋት፣ መስተንግዶውን፣ ዕቃውን አይቶ ይሄዳል፤ አንተ በምታድርበት ሌሊት መብራት ይጥፋ አይጥፋ ሊነግርህ አይችልም።

ስለዚህ ስትደውል «ሙቅ ውሃ አለ?» አትበል፤ የለም የሚልህ አታገኝም። ቦይለሩ ክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ ጣሪያ ላይ ያለ ሶላር ነው ብለህ ጠይቅ። ሶላር ከሆነ ማታ ግቡና ታጠቡ፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከዚያ የሚወርደው ውሃ ለሕፃን አይሆንም። ጀነሬተር አለን ካሉህ ደግሞ ቦይለሩንም ያነሳ እንደሆነ አጣራ፤ በብዙ ቤት መብራቱን ብቻ ነው የሚያበራው። ውሃ ሲቋረጥ የሚሆን ሮቶ መኖሩንም አትርሳ። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ አዳራሽ ያለው ሆቴል ከሆነ ከአዳራሹ በላይ ያለውን ክፍል አትውሰድ፤ የራሳችሁን ሠርግ ጨፍራችሁ ስትመለሱ የማታውቁት ሰው ሠርግ ይጠብቃችኋል። እናትህ አብራችሁ ካደረች ምድር ቤት ይሁን። ሊፍት አለ ቢሉህም ምድር ቤት ይሁን።

እኔ ብሆን ደብረ ብርሃን ላይ መካከለኛውን እይዛለሁ፤ ያውም ፊት ለፊት ያለውን ሳይሆን የጓሮውን። ፔንሲዮኑ የምልህን ካሟላ ቅር አይበልህ፤ ግን ልጅ ይዘህ የጋራ መታጠቢያ ያለው አልጋ እንዳትገባ።

የባለቤትህን ገንዘብ አንኮበር ላይ አውጣው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሳይሄዱ በፊት የነበረው ቤተ መንግሥት በቆመበት ኮረብታ ላይ ሎጅ አለ። ጠዋት ከበረንዳው ቁልቁል ወደ ቆላው ስታይ ደመናው ከእግርህ ሥር ነው። እዚያ የምትከፍለው ለዚያ ጠዋት ነው፤ ቴሌቪዥን ፍለጋ አትሂድ። መኪናው ግን በሩ ድረስ አያደርስህም፣ ዳገቱን በእግር መውጣት አለ፤ ለእናትህ ጉልበት አይሆንም። ሁለተኛ ክፍል የምትይዝበትን ብር ለእሷ ጥሩ የሱፍ ባና ግዛበትና እህቷ ዘንድ ትቆይ። ልጁም ከአያቱ ጋር ቢቀር አልቃወምም፤ ባለቤትህም የምትቃወም አይመስለኝም። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም እዚያው ላለ ሰው ደውሉ።

ጥያቄ፦ ለሥራ ሸዋ ሮቢት ሦስት ቀን አድራለሁ። ኤሲ ያለው ክፍል ዋጋው እጥፍ ነው፤ ይገባል? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ለእናንተ ለደብረ ሲናዎች ሸዋ ሮቢት እሳት ነው። ጣርማ በርን በጋቢ ያለፈ ሰው እዚያ ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ከሆነ ክፈል። በሌላው ወር የሚሠራ ቬንትሌተርና ያልተቀደደ አጎበር ያለው ክፍል ይበቃል፤ አጎበሩን ግን ሳትከፍል በፊት ዘርግተህ በብርሃን እየው፤ ወባ አገር ነው። ክፍሉ ከአስፋልቱ ራቅ ያለ ይሁን፤ የደሴ መንገድ ከባድ መኪኖች ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ሞተር ያሞቃሉ።