አባቴ ያላሉትን ልጻፍላቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ! ከጅማ ነው የምጽፈው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሂርማታ ገበያ ቡና ሲገዙና ሲሸጡ ኖረው ነው ያረፉት። ታሪካቸውን መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ በእጄ ያለው ግን አንድ የዱቤ ደብተርና ጥቂት ፎቶ ነው። ጓደኛዬ «አንድሬ ሞርዋ የሚባል ፈረንሳዊ የሰው ታሪክ እንደ ልብ ወለድ ነው የሚጽፈው፣ አንቺም ንግግሩን ከራስሽ ፍጠሪ» አለችኝ። ሰውየው ማነው? ላድርገው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ግማሹን ነው የነገረችሽ።

ሞርዋ የብዕር ስሙ ነው፤ ቤተሰቡ ያወጡለት ኤሚል ኤርዞግ ነው። በ1885 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ሩዋን አጠገብ ኤልቤፍ በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ነበራቸው፣ እሱም እዚያው ሠርቷል፤ እንዳንቺው የነጋዴ ቤት ልጅ ነው ማለት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ ጦር ጋር አስተርጓሚ ሆኖ ከረመ። በ1923 የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የሼሊን ሕይወት «ኤሪየል» ብሎ አሳተመ፤ ጓደኛሽ የምታወራው ስለዚህኛው ነው። እውነትም እንደ ልብ ወለድ ይነበባል። በጣም ተወደደ፤ በ1935 የእንግሊዙ አሳታሚ ፔንግዊን ርካሽ መጻሕፍት ማሳተም ሲጀምር ቁጥር 1 ያደረገው እሱን ነው።

ግን ሰውየው እዚያ አልቆመም። ስለ ፈረንሳውያኑ ደራስያን፣ ስለ ፕሩስት (1949)፣ ስለ ዦርዥ ሳንድ (1952)፣ ስለ ሁጎ (1954) ሲጽፍ ደብዳቤና ሰነድ ውስጥ ተቀብሮ ነው። የሌላውን ፈረንሳዊ ደራሲ የባልዛክን ታሪክ ሲያወጣ 80 ዓመት ገደማው ነበር፤ ወፍራም መጽሐፍ ነው፣ ሰነፍ ሽማግሌ አይሞክረውም።

ስለዚህ አባትሽ ያላሉትን በጥቅስ ምልክት አታስገቢ። በእጄ ያለው «አንድ የዱቤ ደብተርና ጥቂት ፎቶ ነው» ያልሽው ደግሞ አናደደኝ። እስቲ ክፈቺው። ማን ስንት ፈረሱላ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሊያመጣ ብር እንደወሰደ አለ አይደል? ፈረሱላው 17 ኪሎ ነው፤ አባዝተሽ በአንድ ወቅት በእጃቸው ያለፈውን ቡና ማወቅ ትችያለሽ። ስሙ የተሰረዘ ሰውስ የለም? ከፍሎ ነው ወይስ ምረውት? ይህን የሚያውቁ አዛውንት እዚያው ሂርማታ ቁጭ ብለው ታገኛለሽ፤ ስኒያቸውን እስኪጨርሱ ጠብቂና ጠይቂ። የነገሩሽን «እገሌ እንዳጫወቱኝ» ብለሽ ጻፊው። ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ከነገረሽ ሁለቱንም አስቀምጪ፣ አንዱን አትደብቂ።

የማይነበብ ገጽ ከገጠመሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ የድሮ ነጋዴ የእጅ ጽሑፍ መፍታት ደስ ይለኛል።