ጎንደር ላይ እናትሽን የሚከታተል ሐኪም ስለማግኘት

እህቴ፣ እንኳን ወደ ጎንደር በሰላም መጣሽ። እናትሽ ስኳርና ደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤት እንደያዛችሁ፣ የት እንደምታሳክሚያቸው ግራ እንደገባሽ ጽፈሻል። «አንድ ክሊኒክ በር ላይ የስድስት ስፔሻሊስት ስም ተለጥፏል፣ ሁሉም እዚያ ናቸው ወይ?» ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ አባቴን በዚሁ ሕመም ስድስት ዓመት አመላልሻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታገኚያቸውም። እዚህ ብዙዎቹ ስፔሻሊስቶች ቀን ቀን የሚሠሩት ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው። ክሊኒክ የሚገቡት ከሥራ መልስ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ወይም ቅዳሜና እሁድ ነው። አንዳንዱን ክሊኒክ ሐኪሞቹ ራሳቸው ተሻርከው ከፍተውታል። ካርድ ክፍሉ አንድ፣ ላብራቶሪው አንድ፣ ፋይሉም አንድ ነው። የውስጥ ደዌው ሐኪም «ልባቸውን ሌላ ሰው ይይላቸው» ካለ ፋይሉ እዚያው ይተላለፋል። የሌላው ክሊኒክ ባለቤት ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ማታ መጥቶ አይቶ ይሄዳል። በሩ ላይ ሲታዩ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ ካርድ ሳታወጪ ጠይቂ። ዶክተሩ በየትኛው ቀን ይገባሉ? ለቀጠሮ ስንመጣ የሚያዩን እሳቸው ናቸው? ካርዱ ስንት ቀን ያገለግላል? አታፍሪ፣ ሁሉም ሰው ይጠይቃል።

እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ አባቴ ተጎዱብኝ። አንድ ክሊኒክ የግፊት መድኃኒት ታዘዘላቸው። በቀጠሮው ስንሄድ ሐኪሙ የሉም፤ በሌላ ሳምንት ስንሄድም የሉም። ሌላ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። የድሮውን ወረቀት ቤት ረስተነዋል። እዚያም የግፊት መድኃኒት ተጻፈላቸው። አባቴ «ሐኪም ያዘዘው ነው» ብለው ሁለቱንም ይውጣሉ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ጫማ አልገባ አለ። ከመኝታ ሲነሱም ያዞራቸዋል። አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ ሁለቱን ፓኮ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ በጣቷ አሳየችኝ። በትልቁ የተጻፈው ስም ይለያያል። ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈው ግን ሁለቱም ላይ አምሎዲፒን ነው። አባቴ ለካ አንዱን መድኃኒት እጥፍ ሲወስዱ ከርመዋል! ያን ቀን መንገድ ላይ እያለቀስኩ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት።

ከዚያ ወዲህ የትም ስንሄድ ወረቀቱም ፓኮውም በአንድ ፌስታል አብሮን ይሄዳል። ሐኪምም አልቀያይርም። ስኳርና ግፊት የዕድሜ ልክ ክትትል ነው፤ ያለፈውን ውጤት ከዛሬው ጋር አስተያይቶ የሚያይ አንድ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ያ ሰው የግድ ስፔሻሊስት መሆን የለበትም። ጎበዝ ጠቅላላ ሐኪምም በደንብ ይይዛቸዋል፣ ሲከብደው ወደ ስፔሻሊስት ይልካቸዋል።

እናትሽ የጤና መድህን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያ ጀምሪ። ጤና ጣቢያ ስኳርና ግፊት ይከታተላል፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ሪፈር ይጽፋል። በራስሽ ወደ ግል ክሊኒክ ከወሰድሻቸው ግን ወጪው ከኪስሽ ነው። የመድህን መታወቂያው የወጣው ቀድሞ በነበራችሁበት ወረዳ ከሆነ እዚህ እንዴት እንደሚሠራላችሁ ቀበሌ ሄደሽ ቶሎ ጨርሺ።

ሆስፒታል ሪፈር ሲባሉ መጀመሪያ ሬዚደንት ቢያያቸው ቅር አይበልሽ። ዩኒቨርሲቲው ከእ.ኤ.አ. 1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያስተምር የኖረ ነው። ሬዚደንቱ ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ስፔሻሊቲ የሚማር ነው፣ የሚከብደውን ለሲኒየሩ ያቀርባል። እንደ እውነቱ ከሆነ አባቴን እግራቸውን ካልሲ አስወልቆ ጣት በጣት ያየላቸው አንድ ሬዚደንት ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ስለሚደነዝዝ ቁስሉ ሳይታወቀው ይቆያል። እናትሽንም እንዲያዩላቸው ጠይቂ፤ ዓይናቸውንም በየዓመቱ።

ድንገት ላብ በላብ ከሆኑና ንግግራቸው ከተዘበራረቀ፣ ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን ስለሚችል፣ ራሳቸውን ካልሳቱ ስኳር ያለው ነገር አጠጪያቸው። ወዲያው በባጃጅም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል አድርሺያቸው። አፋቸው ከተጣመመ ወይም አንድ እጃቸው ከዛለ ግን ምንም ሳታቀምሻቸው በርሪ። ያኔ ጤና ጣቢያም ሪፈርም አትጠብቂ።

ሌላው፣ የጾም ስኳር ምርመራ (ምግብ ሳይቀምሱ የሚደረገው) ያለ ቀን ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ ይዘሽ ሂጂ። ደም እንደሰጡ እዚያው አግዳሚው ላይ ይቅመሱ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ወረፋው ረጅም ነው።