በጠጣር እብጠት ውስጥ ያለ ለስላሳ ሕዋስ፦ ጥያቄና መልስ

በአዳማ ከሚገኙ የጤና ባለሙያዎች፣ የፊዚክስ መምህራንና ተማሪዎች የነቀርሳ ሕዋሳትን ግትርነት ስለ መለካት ብዙ ጥያቄ ቀርቦልኛል። ተመሳሳዮቹን በአንድ አድርጌ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኛ ነርሶች ጡት ስንዳብስ የምንሠጋው ጠጠር ያለ እብጠት ሲያጋጥመን ነው። እርስዎ ግን የነቀርሳ ሕዋስ ከጤነኛው ይልቅ ለስላሳ ነው ይላሉ። ይህ እንዴት ይታረቃል?

መልስ፦ የእርስዎ እጅና የእኛ መሣሪያ የሚለኩት የተለያየ ነገር ስለሆነ ሁለታችንም ትክክል ነን። የጭቃ ቤት ግድግዳ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከማገሩና ከጭዱ ጭምር እንደሆነ ሁሉ፣ የእብጠቱም ጥጥረት በአብዛኛው የሚመጣው በሕዋሳቱ መካከል ከተከማቸውና እርስ በርሱ ከተሳሰረው፣ ኮላጅን ከተባለው የፕሮቲን ክር ነው። ሕዋሳቱን ከዚያ ለይተን አንድ በአንድ ስንጫናቸው ብዙውን ጊዜ ከጤነኞቹ ይልቅ በቀላሉ ይሰረጉዳሉ። ሁለቱ ነገሮች ግን አይገናኙም ማለት አይደለም፤ የቫለሪ ዊቨር የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት የከበባቸው ነገር ሲጠጥር የጡት ሕዋሳት ሥርዓት ያለው አደረጃጀታቸውን እንደሚያጡ አሳይቷል።

ጥያቄ፦ በዓይን የማይታይን ሕዋስ ሳያፈርሱ መጫን እንዴት ይቻላል?

መልስ፦ በስፋት የሚሠራበት መሣሪያ ጌርድ ቢኒግ፣ ካልቪን ኩዌትና ክሪስቶፍ ገርበር እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቁት አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ነው። ዋናው አካሉ ርዝመቱ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚያንስ፣ አንድ ጫፉ የታሰረ፣ በሌላው ጫፉ ሥር ሹል ነገር ወይም ትንሽ ሉል ያለው ስስ ዘንግ ነው። በዘንጉ ጀርባ ላይ የሌዘር ጨረር ያርፋል፤ ዘንጉ በጎበጠ ቁጥር ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ቦታውን ስለሚለውጥና የዘንጉ የስፕሪንግ ጥንካሬ አስቀድሞ ስለሚለካ፣ ለክፍል ተማሪዎች በምናስተምረው የሁክ ሕግ አማካኝነት ጉብጠቱ ወደ ኃይል ይተረጎማል። ሕዋሱ በዚህ ሁሉ ጊዜ በሕይወት፣ በምግብ ፈሳሹ ውስጥ ነው። ጫፉ ፈሳሹን እያቋረጠ ሲወርድ በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ጠፍጣፋ ሆኖ ይሄዳል፤ ሕዋሱን ሲነካ ቀስ ብሎ ሽቅብ መታጠፍ ይጀምራል፤ ባዶውን መስታወት ቢነካ ግን በአንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያ የመታጠፊያ ቅርጽ ተነሥተን ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄርትዝ እ.ኤ.አ. በ1882 ስለ ሁለት አካላት ንክኪ ባወጣው ቀመር ግትርነቱን ፓስካል በተባለው የግፊት መለኪያ እናሰላለን።

ጥያቄ፦ ልዩነቱ በቁጥር ምን ያህል ነው?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1999 ማልጎርዛታ ሌካና ባልደረቦቿ የሽንት ፊኛ ነቀርሳ ሕዋሳት ከጤነኞቹ በ10 እጥፍ ገደማ ለስላሳ ሆነው እንዳገኟቸው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሕሙማን የሳንባ ሽፋን የተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ያሉትን ሕዋሳት ለክተው፣ የነቀርሳዎቹን በአማካይ 0.53 ኪሎ ፓስካል፣ በዚያው ፈሳሽ ውስጥ የነበሩትን ጤነኞች ደግሞ 1.97 ኪሎ ፓስካል ሆነው አግኝተዋቸዋል። ይህን ሁለተኛውን ጥናት አብልጬ የምወደው ንጽጽሩ ከሕሙማን በቀጥታ በተወሰዱ፣ አንድ ፈሳሽ በተጋሩ ሕዋሳት መካከል ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ከ1 ኪሎ ፓስካል በታች የሆነ ሁሉ ነቀርሳ ነው ማለት እንችላለን?

መልስ፦ በፍጹም አንችልም፤ ከሁሉም ጥያቄዎች አጥብቄ ልመልስ የምፈልገው ይህን ነው። አንዱ ሕዋስ ራሱ በኒውክለሱ አናትና በቀጭኑ ጠርዙ ላይ ሲጫን የተለያየ ቁጥር ይሰጣል፤ ጠርዙ ላይ ሥር ያለው መስታወት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋልና። በፍጥነት ስንጫን ሕዋሱ ግትር፣ በዝግታ ስንጫን ለስላሳ ሆኖ ይታያል። የጫፉ ቅርጽ፣ የስርጉደቱ ጥልቀት፣ ሕዋሱ ያደገበት ወለልና የሙቀቱ መጠን ሁሉ በውጤቱ ላይ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ትርጉም የሚኖረው ጤነኛውና የታመመው በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ጥልቀት ጎን ለጎን ሲለኩ ነው፤ ከሁለት ቤተ ሙከራዎች የተገኙ ቁጥሮችን አንሥቶ ማወዳደር ሰውን ያሳስታል። በተጨማሪም አማካዩ ብቻውን ብዙ ነገር ይደብቃል። በባዝል ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ከጡት የተወሰዱ ናሙናዎችን በብዙ ነጥቦች ላይ ሲጫን፣ ጤነኛው ናሙና ተቀራራቢ ቁጥሮች ሲሰጥ ነቀርሳው ግን በጣም ለስላሳና ጠጣር ስፍራዎች የተቀላቀሉበት ሆኖ ተገኝቷል። እዚያ ላይ ምልክቱ የቁጥሮቹ መበታተን ነበር።

ጥያቄ፦ ለምን ይለሰልሳል? ይህስ ለሁሉም ዓይነት ነቀርሳ ይሠራል?

መልስ፦ የሕዋሱን ቅርጽ ይዞ የሚያቆየው አክቲን የተባለው የፕሮቲን ክር መረብ አደረጃጀቱ ይለወጣል፤ ለስላሳነቱም ሕዋሱ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እንዲሄድ ሳያግዘው አይቀርም። ለሁሉም ግን አይሠራም። የአንድ ሕዋስ ግትርነትም ባለበት አይቆይም፤ የደም ነቀርሳ ሕዋሳት ለምሳሌ በመድኃኒት ሲሞቱ ይበልጥ ግትር ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ እህቴ እብጠት ተገኝቶባት በመርፌ ናሙና እንድትሰጥ ታዝዛለች። ይህ ምርመራ እስኪመጣ ብትጠብቅስ?

መልስ፦ እባክሽ አንድ ቀንም አትጠብቅ። በመርፌ የሚወሰደው ናሙና በፓቶሎጂ ባለሙያ ዓይን ታይቶ ውሳኔ የሚሰጥበት የታወቀ ምርመራ ነው፤ እኔ የምናገርለት ልኬት ግን ገና የምርምር ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ አዳማ ያን መሣሪያ ሳናገኝ ልንለማመድ የምንችለው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። ሚቺሰንና ስዋን እ.ኤ.አ. በ1954 የባሕር እንስሳ እንቁላልን በቀጭን የመስታወት ቱቦ አፍ በመሳብ ግትርነቱን ለክተዋል። የሚያስፈልገው በእሳት ተስቦ አፉ ወደ ጥቂት ማይክሮ ሜትር የጠበበ ቱቦ፣ ካሜራ ያለው ማይክሮስኮፕና ከፍታው የሚስተካከል የውኃ ዕቃ ነው። የ10 ሴንቲ ሜትር የውኃ ከፍታ ልዩነት 1 ኪሎ ፓስካል ገደማ ግፊት ስለሚሰጥ፣ ዕቃውን በሚሊ ሜትር ደረጃ ዝቅ እያደረጋችሁ ሕዋሱ ወደ ቱቦው ምን ያህል እንደገባ ከምስሉ ላይ ልትለኩ ትችላላችሁ። የሰው ደም ወይም ሕዋስ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ጓንት፣ ፈቃድና ኃላፊነት ያለው የላቦራቶሪ ባለሙያ ሳይኖር አትጀምሩ።